መልሱት

ሰውየው ሞተር ሳይክል እንደማያውቅ ልብስ ሰፊዋ የገባት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ሸራውን ገፈፈ፤ ዙሪያውን ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፤ ከዚያ ቀና አለና የሐኪም ፊት ይዞ፣ «ዘይት ያስፈልገዋል» አለ።

«ዘይት ያስፈልገዋል» የስፌት መኪና ጠጋኝ ለችግር ሁሉ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ነው። የእሷ መኪና ክር ስትበጥስ ዘይት ያስፈልጋታል ብሏል፤ ፔዳሉ ሲንቋቋም ዘይት ያስፈልገዋል ብሏል። አክስቷ ወገቤን አመመኝ ቢሉት ምን እንደሚል አሰበችና ሳቋን በእጇ ጀርባ ሸፈነችው።

መርፌ ነው የሚሉት። ቅጥነቱን አይተው ያወጡለት ይመስላል፤ እሱ ግን «ሲፈልጉኝ ስለማልገኝ ነው» ይላል። ይህ ለሌላው ደንበኛ ይሠራ ይሆናል። ለእሷ ሳትፈልገውም ይገኝ ነበር። መኪናዋ ተበላሽታ አንዴ አስጠራችው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጠራው «ሰላም አደረች?» እያለ ይመላለስ ጀመር። ሰላም አደረች የሚላት መኪናዋን ነው። በሰፈሩ እንደዚያች መኪና ጠያቂ የበዛለት በሽተኛ የለም። በመጨረሻ የሚጠብቅ ብሎን፣ ዘይት የሚቀባ ቦታ ጠፋ፤ ምክንያት አልቆበት ግቢው ውስጥ ቆሞ ሲቁለጨለጭ፣ ታዛው ሥር ሸራ የለበሰ ነገር አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ሞተር ነው። ዝጎ ዝጎ አልቋል።»

«እኔ እሠራዋለሁ» አለ፤ ገና ሳያየው።

ልታስቆመው ትችል ነበር። ግን ሸራው ሲገፈፍ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደና፣ እዚያ ባየችው ነገር ተሸነፈች።

መስኮቱ ሥር አባቷ ተቀምጠዋል። ፖስታ ቤት ተቀጥረው ዕድሜያቸውን በዚያ ሞተር ደብዳቤና ቴሌግራም ሲያድሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ሞተሩም አብሯቸው ጡረታ ወጣ፤ ታዛው እያፈሰሰበት፣ አቧራ እየለበሰ ቆሞ ቀረ። ባለፈው ክረምት ደግሞ እሳቸውን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከወንበራቸው ሆነው ግቢውን ያያሉ፤ ማየት ከተባለ። ዓይናቸው ምንም ነገር ላይ አያርፍም ነበር። ሸራው ሲገፈፍ ግን አረፈ።

«እሺ፣ ሥራው» አለችው ውሸታሙን።

ይህን ያልወደዱት አክስቷ ናቸው። አክስትየዋ ወንድማቸውን «ለጥቂት ቀን ላስታምም» ብለው መጥተው በዚያው ቤቱን የተረከቡ ሴት ናቸው። ከቤቱ ይበልጥ ግን የተረከቡት የወንድማቸውን አፍ ነው። ሕመምተኛው ዓይናቸውን ካንከባለሉ «ውሃ ጠምቷቸዋል» ይላሉ፤ ካዛጉ «መስኮቱን ዝጉት እያሉ ነው» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም፤ ማን ያርማቸዋል? «እናታችን እንኳ ሳይገባት ለእኔ ነበር የሚገባኝ» ይላሉ። ሞተሩንም ወንድማቸው ለብረት ለቃሚ እንዲሰጥላቸው እንደሚፈልጉ አስቀድመው ተርጉመው ጨርሰው ነበር።

የሞተሩ ነገር እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ፒስተን ከዝገት ብዛት ግድግዳው ላይ ተጣብቆ አይወጣም፣ አይወርድም፤ ባለሙያዎች ራሱ «ነክሷል» ነው የሚሉት። እሱ ጋ ለመድረስ ጎኑ ላይ ያለውን ከባድ ብረት ማውጣት ያስፈልጋል። ያንን ብረት ደግሞ አንድ ትልቅ ዳዶ አንቆ ይዞታል። ዳዶው እስካልተፈታ ድረስ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ዳዶው አልፈታ አለ። መርፌ ናፍጣ አጠጣው፤ የፍሬን ዘይት አጠጣው። በእሳት አሞቀው፣ በመዶሻ ቀጠቀጠው፣ ለመነው፣ ሰደበው። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ፣ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ወደ ግራ ሲጎትት የአንገቱ ሥር ይገተራል፤ ዳዶው ስሙ ያልተጠራ ሰው መስሎ ይቀመጣል። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ወደ በሩ አስጠግታ እየሰፋች ታየዋለች።

«ትናንት ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ» አላት አንድ ቀን።

«ዳዶው?»

ቧንቧውን አየ፤ እግሩን አየ። «እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

ሲጎትት ሞተሩ እንዳይወድቅ ከወዲያ በኩል የሚይዝለት ሰው ያስፈልግ ነበርና ያዘችለት። ከብረቱ ማዶና ማዶ ሆነው ይተያያሉ። እሱ ትንፋሹን ሰብስቦ ሲጎትት እሷም ሳታውቀው ትንፋሿን ትይዛለች፤ እሱ ሲለቅ እሷም ትለቃለች። ደንበኞቿ ልብሳችን ናፍጣ ናፍጣ ይላል ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። አንዷማ የሙሽራ ቀሚሷን አሽትታ፣ የምገባው ጋራዥ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ እጇን ግን እንደ ድሮው አጥብቃ አልታጠበችም።

መርፌ አንድ ማጽናኛ ነበረው። ቀና ባለ ቁጥር አባትየውን በመስኮቱ ያያቸዋል፤ የሚታዘዝላቸውን ግራ እጃቸውን አንስተው ያዞራሉ፣ እንደገና ያዞራሉ።

«አባትሽ ያበረታቱኛል» ይላታል። «በርታ፣ ወደ ግራ፣ እንዲሁ ቀጥል እያሉኝ ነው።» ከዚያ ለሽማግሌው ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሳና፣ ባገኘው ጉልበት ሁሉ ወደ ግራ ይጎትታል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ የልቧን ጠየቀችው።

«እውነት ለእውነት፣ እንዲፈታ ትፈልጋለህ?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጨርቁ ቆሻሻ ከእጁ ይብስ ነበር። «ጉልበቴ ይፈልጋል» አለ። ጨርቁን አጠፈና፣ «ከተፈታ በኋላ ግን ምን ብዬ ነው የምመጣው?»

መርፌዋ ውስጥ ክር ልታስገባ ነበር። የመርፌው ቀዳዳ ዓይኗ ሥር ጠፋባት። ክሩን በምራቋ አርሳ ሞከረች፤ ሳተች፤ ደግማ ሞከረች፤ ሳተች። ለወትሮው በጨለማ የምታስገባ ሴት ናት።

«ከዳዶው በኋላ ፒስተኑ አለ ብለኸኝ የለ?» አለችው፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ።

ዝናቡ መጣ። ታዛው ያፈስሳል፤ ማናቸውም ግን ወደ ቤት ለመግባት አልቸኮሉም።

ነገሩን ይፋ ለማድረግ የቸኮለው እሱ ነው። ጠዋቱን ዳዶውን ሲጎትት አረፈደና፣ ከሰዓት በኋላ እጁን በሳሙና፣ ከዚያ በአሸዋ፣ ከዚያ እንደገና በሳሙና ታጥቦ፣ ጃኬት ለብሶ መጣ። አክስትየዋ ጃኬቱን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ወንበር ስበው ከወንድማቸው ጎን ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣» አለ መርፌ፣ «እኔ እንኳን የመጣሁት... ልጅዎን... ማለቴ ከልጅዎ ጋር...» ዓረፍተ ነገሩ በዚያው ነከሰ። ሆኖም ለምን እንደመጣ ለማወቅ ጃኬቱ ይበቃ ነበር።

ሽማግሌው እሱን አላዩትም። ትከሻውን አሻግረው በመስኮቱ ወደ ግቢው ያያሉ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሳና ዞረ። ከጉሮሯቸው፣ ከሩቅ ጓዳ የሚመጣ የመሰለ ድምፅ ወጣ።

«መ...»

አክስትየዋ ተነሱ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ያዘች።

«መ... መልሱት።»

ተናገሩ። ከክረምቱ ወዲህ አንዲት ቃል ያልወጣው አንደበት ተፈታ። አክስትየዋ ወንድማቸውን አቅፈው እያለቀሱ ግንባራቸውን ሳሙ። ልብስ ሰፊዋ እግራቸው ሥር ወድቃ የማይታዘዘውን እጃቸውን ጨበጠች። መርፌም ከደስታ ብዛት ለምን እንደመጣ ረስቶ ያጨበጭብ ነበር። ቃሉ ምን እንደሆነ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እስኪያስቡት ድረስ።

መጀመሪያ ያሰቡት አክስትየዋ ናቸው። እንባቸውን ጠረጉ። ወደ መርፌ ዞሩ።

«ሰማህ፣ ልጄ» አሉት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያዘኑለትም ይመስላሉ። «እኔ ምንም አልጨመርኩበትም። መልሱት አሉ። በእጃቸውም ቁልፍ አዙረው አሳዩ፣ በሩን ዝጉበት ማለታቸው ነው። ምን ላድርግህ?»

ሽማግሌው ደግመው «መልሱት» አሉ፤ እጃቸውን ደግመው አዞሩ። ቁልፍ የሚያዞር ሰው እጅ ነው፤ ሊካድ አይችልም።

መርፌ ጃኬቱን ቆለፈ። በሩ ላይ ሲደርስ ከእሷ ፊት ቆመ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያች የአባቷ አንደበት እንድትፈታ ያልለመነችው፣ ያልተሳለችው ነገር አልነበረም። ተፈታች፤ የተፈታችውም የእሷን ነገር ልትዘጋ ነው። አባባ ተሳስተዋል ብትል፣ ያን ቃል ወደ ጉሮሯቸው መልሳ የምትከት መሰላት። ደስታውንም ሐዘኑንም በአንድ ዓይን አለቀሰችው።

«እሳቸው ካሉ...» አለ መርፌ።

«አዎ፣ እሳቸው ካሉ...» አለች።

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርስ ሰው ጠበቁ። ሰው አልመጣም። ሄደ። ቁልፉና ቧንቧው ዳዶው ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለልብስ ሰፊዋ ብዙ ልብስ የተፈታበት ነው። ትሰፋለች፣ እጅጌው በግልባጩ ይመጣል፣ ትፈታለች። ሰላም አደረች የሚል የለም። መኪናዋም አንዲት ቀን እንኳ አልተበላሸችላትም፤ እንደ ልቧ ትሽከረከራለች፣ አንዳች ሰበብ አትሰጥም። መርፌ በሚሠራበት ሱቅ በር ማለፍ ትችል ነበር፤ አልፋም ምን ትለዋለች? አባቴ አይሆንም ብለዋል እንዳትለው፣ ያውቃል። እኔስ ይሆናል እላለሁ እንዳትለው፣ በአባቷ የመጀመሪያ ቃል ላይ የሚረማመድ እግር አላገኘችም።

የሚገርመው ግን ሽማግሌው ዝም አላሉም። ሰውየው ተመልሶ ከሄደ በኋላም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «መልሱት» ይላሉ፤ እጃቸውንም ያዞራሉ። ይህ አክስትየዋን ሥራ አበዛባቸው። መጀመሪያ፣ መጋረጃው ይመለስ ማለታቸው ነው ብለው መለሱት። «መልሱት» አሉ ሽማግሌው። ወንበሩን ወደ ድሮ ቦታው መለሱት። ሽማግሌው ግድግዳ ፊት ለፊት ሆነው በቁጣ «መልሱት» አሉ፤ እንደገና ወደ መስኮቱ ተመለሱ። ቀጥሎ ሞተሩን ለፖስታ ቤት መልሱ ማለታቸው ይሆናል ተባለ። አክስትየዋ ራሳቸው ሄደው ጠየቁ፤ የፖስታ ቤቱ ሰው ግን ሞተሩን የገዙት በገዛ ደመወዛቸው ነው፣ ዕቃቸው ለራሳቸው ይሁን ብሎ መለሳቸው። እሳቸውም ተመለሱ።

በመጨረሻ አክስትየዋ ዓይናቸው ቁልፉ ላይ አረፈ። የሰው ዕቃ ነው። «ይሄ ነዋ! ዕቃውን ሳንመልስለት። ወንድሜ የሰው ሐቅ አይወድም።» ልብስ ሰፊዋን ወስደሽ መልሺ አሏት። ሁለት ጊዜ እንዲነገራት አልጠበቀችም።

መርፌ በተበታተኑ የስፌት መኪናዎች መሀል አቀርቅሮ ተቀምጦ ነበር። ቀና ሲል ከእሷ በፊት ቁልፉን አየ። ፊቱ ገና ሳይበራ ጠፋ።

«ልትመልሺልኝ ነው?»

አባባ አሁንም መልሱት እንደሚሉ፣ መጋረጃውን እንደመለሱ፣ ወንበሩን እንደመለሱ፣ አክስቷ ፖስታ ቤት ድረስ እንደሄዱ ነገረችው። ለመሳቅ ሞከሩ። ሳቁ መሀል ላይ አለቀ።

«እኔ ሄጃለሁ እኮ» አለ። «ከዚህ ወዲያ ወዴት ልመለስላቸው?»

«እኔስ ምን ላድርግ?»

«ምን ታደርጊያለሽ።» ጥያቄ አልነበረም። ቁልፉን ልትሰጠው ዘረጋች፤ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «እሱን ግን አልወስድም። እዚያው ይሁን። ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ይኑረኝ።»

ቁልፉን ታቅፋ ተመለሰች። የምታለቅስበት ጥግ ፈልጋ ታዛው ሥር ገባች። ሞተሩ እንደ ድሮው ቆሟል፤ ዳዶው እንደ ድሮው ተቀምጧል። ያኔ ንዴት ያዛት። ያን ሁሉ ናፍጣ የጠጣ፣ የማንንም ልመና የማይሰማ ዳዶ። ቁልፉን አገባችበት፤ ቧንቧውን ቀጠለች፤ መርፌ እንደሚያደርገው እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ ወደ ግራ ጎተተች።

«መልሱት!» አሉ አባቷ ከመስኮቱ።

ቀና ስትል እጃቸው ወደ ግራ ሲዞር አየች። ወደ ግራ ጎተተች። ሽማግሌው ተቆጡ፤ «መልሱት! መልሱት!» እያሉ ወንበሩን በግራ እጃቸው ደበደቡ። እንዳይወድቁ ፈርታ ሁሉን ጥላ ሮጣ ገባች፤ ከኋላቸው ቆማ ትከሻቸውን ያዘች። እጃቸው ደግሞ ተነሳና ዞረ።

ከኋላቸው ሆና ስታየው እጁ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው።

ከፊት ለፊት ያየ ሰው ግራ ይመስለዋል፤ ከጎን ያየ በር ሲቆለፍ ይመስለዋል። ከኋላቸው ቆሞ፣ እሳቸው የሚያዩትን እያየ ያያቸው ሰው አልነበረም። የሚያዩት ደግሞ መርፌን አልነበረም። መጋረጃም አልነበረም። ስፌት ስትማር የመኪናዋን መዘውር በግልባጭ አዙራ ክሩን ባወሳሰበች ቁጥር አስተማሪዋ «መልሺው» ትላት ነበር።

«አባባ፣» አለች በጆሯቸው፣ «ዳዶውን ነው? ወደ ቀኝ?»

ሽማግሌው ጭንቅላታቸው ደረቷ ላይ ወደቀ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ብቻዋን አልቻለችውም። አክስትየዋን ጠራች። አክስትየዋ ዕብደት ነው እያሉ መጡ፤ ሆኖም ቧንቧው ላይ ተንጠለጠሉ፤ ገፍተውት ያልሄደላቸው ነገር በሕይወታቸው የለም። ወደ ቀኝ በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። ዳዶው አንድ ጊዜ እንደ በግ ጮኸና ዞረ። አክስትየዋ መሬት ላይ ዘፍ አሉ።

እዚያው እንደተቀመጡ ወደ መስኮቱ አዩ። ወንድማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸው ረግቷል። አክስትየዋ ከዳዶው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ልጅቱ ተመለከቱ።

«እና ልጁን ምን አሉት?» አሉ ቀስ ብለው።

«ምንም አላሉትም።»

አክስትየዋ ቀሚሳቸው ላይ ያለውን ዝገት ለረጅም ጊዜ አራገፉ። ከዚያ ማንም ሳይልካቸው ተነስተው ወጡ፤ ሲመለሱ መርፌ አብሯቸው ነበር።

መርፌ የተፈታውን ዳዶ በመዳፉ ይዞ ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰ። የግራ ጥርስ ነው። በሞተር ላይ አንዳንዱ ዳዶ እየተሽከረከረ እንዳይፈታ በግልባጭ ይሠራል ሲባል ሰምቶ ነበር፤ ጀማሪ ላይ የሚቀልዱበት ወሬ መስሎት ነው። «ስለዚህ ይሄን ሁሉ ጊዜ...» አለ።

«ስታጠብቀው ነበር» አለችው።

ፒስተኑ ግን ከዳዶው የባሰ ነክሷል። ሞተሩ ይነሳ አይነሳ ማንም አያውቅም። ሽማግሌውም ከዚያች ቀን ወዲያ ያችን ቃል አልደገሟትም፤ ሌላም ቃል አልመጣም። ሐኪሙ እንዲህ ያጋጥማል ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። የልብስ ሰፊዋና የመርፌ ነገር በዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እምቢም የለ፣ እሺም የለ።

መርፌ ጃኬቱን ለብሶ እንደገና ሽማግሌው ፊት ቆመ። በዚህኛው ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰው። ሽማግሌው አዩት። እውነት ነው፣ አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ግቢው ተመለሰ። አክስትየዋ ሊተረጉሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

መርፌ ጠበቀ፤ አክስትየዋ ጠበቁ። የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ ለማናቸውም ግልጽ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች፣ ከንፈሯ መሀል እስፒል ደርድራ ይዛ ነበር። አፏን መክፈት አትችልም። ተነስታ መርፌ ፊት ቆመች። እስፒሎቹን ከአፏ እያወጣች፣ የምታስቀምጥበት ስታጣ ጃኬቱ ኮሌታ ላይ ሰካቻቸው።

«አባባን ጠየቅህ» አለችው። «አክስቴን ሰማህ። እኔን ስትጠይቀኝ ግን አልሰማሁም።»

መርፌ ቀላ። ኮሌታው በእስፒል ተሞልቶ ዞር ማለት አልቻለም። ጠየቃት፤ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ ከእሷ በቀር ማንም እንዳይሰማው አድርጎ።

አንድ እስፒል ጥርሷ መሀል ቀርቶ ነበር። ሳታወጣው፣ በዚያው መለሰችለት። መርፌ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

አክስትየዋ ከወንበራቸው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን አለችው?» ብለው ወንድማቸውን ጠየቁ።